የመጠን ገደብና የጊዜ ገደብ፦ በአሜሪካ ሕግ የግለሰብ መክሰር ደመወዝ መያዝን የሚያስቆመው እስከ ምን ድረስ ነው?

አጠቃሎ

የፍርድ ዕዳን ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ እየቀነሱ ማስከፈል በአሜሪካ የታወቀ የፍርድ ማስፈጸሚያ መንገድ ነው። የግለሰብ መክሰር ይህን ቅነሳ ያስቆማል የሚለው አባባልም በስፋት ይነገራል፤ በጥቅሉ ሲወሰድ ግን አሳሳች ነው። ይህ አጭር ጥናት የፌዴራሉን ደመወዝ የመያዝ ሕግና የመክሰር ሕጉን ጎን ለጎን በመመርመር ሁለቱ ለባለዕዳው የሚሰጡት ጥበቃ በዓይነቱ የተለያየ መሆኑን ያሳያል። የመጀመሪያው የሚገድበው የሚቀነሰውን ገንዘብ መጠን ሲሆን ሁለተኛው የሚገድበው ቅነሳው የሚዘልቅበትን ጊዜ ነው። የመጠን ገደብ ብቻውን ሲቆም ዝቅተኛ ተከፋዩን ሠራተኛ ለማያልቅ ዕዳ ሊዳርገው እንደሚችል በስሌት ይቀርባል። በማጠቃለያውም የአገራችን ሕግ ለደመወዝተኛው የሰጠው ጥበቃ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይጠየቃል።

1. መግቢያ

ደመወዝ መያዝ ሲባል ፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን የተሰጠው የመንግሥት አካል አሠሪውን «ለሠራተኛህ ከምትከፍለው ላይ ይህን ያህል ቀንሰህ ለገንዘብ ጠያቂው አስተላልፍ» ብሎ የሚያዝበት ሥርዓት ነው። በግንኙነቱ ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ፦ የፍርድ ባለመብቱ፣ ባለዕዳው ሠራተኛና ገንዘቡን በእጁ የያዘው አሠሪ። አሠሪው በዕዳው ውስጥ ድርሻ ባይኖረውም ትእዛዙን ባይፈጽም ራሱ ተጠያቂ ስለሚሆን በአብዛኛው ወዲያው ይፈጽማል። የመሣሪያው ጉልበትም የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ገንዘቡ በሠራተኛው እጅ ሳይገባ ያልፋል።

መክሰር በበኩሉ ባለዕዳው ዕዳውንና ንብረቱን ሁሉ በአንድ ፍርድ ቤት ፊት አቅርቦ፣ ገንዘብ ጠያቂዎቹ በተናጠል ከሚያካሂዱት ሩጫ ወጥተው በአንድ ሥርዓት እንዲስተናገዱ የሚያደርግበት መንገድ ነው። በአሜሪካ ይህ መብት ለነጋዴ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ደመወዝተኛው፣ ጡረተኛውና ሥራ አጡም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ግለሰቦች በብዛት የሚጠቀሙባቸው ሁለቱ መንገዶች ሕጉ ምዕራፍ 7 እና ምዕራፍ 13 ብሎ የሰየማቸው ናቸው።

2. የመጠን ገደብና ጉድለቱ

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የሸማቾች ብድር ጥበቃ ሕግ ሦስተኛ ክፍል ለተራ ዕዳ ከደመወዝ ሊያዝ የሚችለውን ጣሪያ ወስኗል። መነሻው ግብርን የመሳሰሉ በሕግ ግዴታ የሆኑ ቅናሾች ከተነሡ በኋላ የሚቀረው ገቢ ነው። ከዚህ ገቢ ሊያዝ የሚችለው ከሁለት ስሌቶች ያነሰው ብቻ ነው፦ የገቢው 25 በመቶ፣ ወይም ሳምንታዊው ገቢ ከፌዴራሉ የሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝ 30 እጥፍ የሚበልጥበት መጠን። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 7.25 ዶላር ስለሆነ 30 እጥፉ 217.50 ዶላር ይሆናል። ክፍላተ ግዛት ከዚህ የበለጠ ጥበቃ መስጠት ይችላሉ። ለምሳሌ የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ለተራ ዕዳ ደመወዝ እንዳይያዝ ይከለክላል።

ሕጉን ያወጣው ምክር ቤት በመግቢያ ድንጋጌው ላይ ያሰፈረው ምክንያት ለርእሳችን ጠቃሚ ነው። ያልተገደበ ደመወዝ መያዝ አራጣ መሰል ብድርን እንደሚያበረታታ፣ ሠራተኛውን ከሥራው እንደሚያፈናቅልና በክፍላተ ግዛት መካከል ያለው የሕግ ልዩነት የመክሰር ሕጉን ወጥነት እንዳፈረሰ ገልጿል። ስለዚህ ሁለቱ ሕጎች ከመጀመሪያው ተያይዘው ታስበዋል።

የመጠን ገደቡን አሠራር በሁለት ምናባዊ ሠራተኞች እንመልከት። ሁለቱም 20,000 ዶላር የፍርድ ዕዳ አለባቸው እንበል፤ ዓመታዊ ወለዱም 9 በመቶ ይሁን። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ በሳምንት 640 ዶላር የተጣራ ገቢ አላት። የዚህ 25 በመቶ 160 ዶላር ሲሆን፣ ከ217.50 በላይ ያለው ደግሞ 422.50 ነው። ያነሰው 160 ስለሆነ በዓመት 8,320 ዶላር ይያዝባታል። ክብደቱ ከባድ ቢሆንም ዕዳው በሦስት ዓመት ውስጥ ያልቃል። ሁለተኛው ሠራተኛ በሳምንት 250 ዶላር ያገኛል። 25 በመቶው 62.50፣ ከ217.50 በላይ ያለው ግን 32.50 ብቻ ነው። ስለዚህ በዓመት 1,690 ዶላር ይያዝበታል። የዕዳው ዓመታዊ ወለድ ደግሞ 1,800 ዶላር ነው።

ውጤቱ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ሠራተኛ በየሳምንቱ ሳያቋርጥ እየከፈለ ዕዳው በየዓመቱ 110 ዶላር ይጨምርበታል። የሚቀነስበት ትንሽ የሆነው ሕጉ ስለራራለት ነው፤ ያው ርኅራኄ ግን ከዕዳው የሚወጣበትን ቀን አጥፍቶበታል። የፍርድ ውሳኔ የሚጸናበት ዘመን ቢኖረውም በብዙ ክፍላተ ግዛት ሊታደስ ስለሚችል ይህ ብቻውን መውጫ አይሆንም። ከዚህ የምንረዳው የመጠን ገደብ የዛሬን ምግብ ቢያተርፍም የነገን ተስፋ እንደማይመልስ ነው።

3. ያልተሠራ ጉልበት የማን ነው?

የጊዜ ገደብ ጥያቄ በቀጥታ የተነሣው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1934 በወሰነው የሎካል ሎን ኩባንያና የሐንት ጉዳይ ነው። ተበዳሪው በ1930 ከኩባንያው 300 ዶላር ሲወስድ ወደፊት ከሚያገኘው ደመወዝ ከፊሉን በዋስትና አስተላልፎ ነበር። በ1931 መክሰሩን አስታውቆ ከዕዳው ነጻ መሆኑ ተወሰነለት። ኩባንያው ግን አሠሪውን በቺካጎ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ክርክሩም «ዕዳው ቢሰረዝ እንኳ በደመወዙ ላይ ያለኝ የዋስትና መብት አይሰረዝም» የሚል ነበር። የኢሊኖይ ፍርድ ቤቶችም ይህን አቋም ይደግፉ ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን አልተቀበለም። ዳኛ ሰዘርላንድ በጻፉት ውሳኔ፣ ከመክሰሩ በኋላ በሚሠራ ሥራ የሚገኝ ደመወዝ በመክሰሩ ቀን ገና ያልተፈጠረ ንብረት ስለሆነ አስቀድሞ የተሰጠ ዋስትና ሊይዘው አይችልም። የመክሰር ሕግ ዓላማ ሐቀኛው ባለዕዳ አዲስ ኑሮ እንዲጀምር ማስቻል ከሆነ፣ የሚጀምርበት ዋነኛ ሀብት ጉልበቱ ነው። ጉልበቱ ለአሮጌ ዕዳ ታስሮ ከቀረ ነጻ መውጣቱ ከስም አያልፍም።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የመክሰር ሕግ ይህን ሐሳብ በአንቀጽ 541 ውስጥ በአጭሩ አስፍሮታል። ባለዕዳው ሲያመለክት ያለው ንብረት ሁሉ በባለአደራ ወደሚጠበቅ የጋራ ክምችት ይገባል፤ ግለሰቡ ካመለከተ በኋላ ሠርቶ የሚያገኘው ግን አይገባም። በምዕራፍ 7 ለሚያመለክት ሰው የጊዜው ድንበር የሚሰመረው እዚህ ላይ ነው።

4. መክሰር በሦስት ጊዜያት

መክሰር ደመወዝ መያዝን ያስቆማል ሲባል ሦስት የተለያዩ ድንጋጌዎች በአንድ ቃል እየተጠሩ ነው። እያንዳንዳቸው የሚሠሩት በተለየ ጊዜ ላይ ነው።

ሀ) የአሁኑ፦ አውቶማቲክ እገዳ። ማመልከቻው ለፍርድ ቤት በገባበት ቅጽበት፣ ዳኛ ትእዛዝ መስጠት ሳያስፈልገው፣ በአንቀጽ 362 መሠረት ዕዳ የማስከፈል እርምጃዎች ይታገዳሉ። ደመወዝ መያዝም ከእነዚህ አንዱ ነው። እገዳው ሕጋዊ ውጤት የሚኖረው ወዲያው ቢሆንም የደመወዝ ክፍል ሠራተኛ ካልሰማ ቅነሳው በልማድ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ባለዕዳው ወይም ጠበቃው የማመልከቻውን ቁጥርና ቀን ለአሠሪውም ለገንዘብ ጠያቂውም በጽሑፍ ማሳወቁ ተገቢ ነው። እያወቀ እገዳውን የጣሰ ወገን ለደረሰው ጉዳትና ለጠበቃ ወጪ ካሣ ይከፍላል፤ እንደ ሁኔታውም የቅጣት ካሣ ሊጨመርበት ይችላል።

እዚህ ላይ ያልተቋጨ የሕግ ክርክር አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 በቺካጎ ከተማና በፉልተን ጉዳይ፣ ከማመልከቻው በፊት የተያዘን ንብረት ዝም ብሎ ይዞ መቆየት የአንቀጽ 362ን አንድ ንዑስ ድንጋጌ እንደማይጥስ ወስኗል። ጉዳዩ የተያዙ ተሽከርካሪዎችን የሚመለከት ሲሆን ሌሎቹን ንዑስ ድንጋጌዎች ፍርድ ቤቱ ሳይወስንባቸው አልፏቸዋል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በየሳምንቱ የሚፈጸም የደመወዝ ቅነሳ ከቆመ መኪና ጋር አይመሳሰልም። እያንዳንዱ የክፍያ ቀን አዲስ የማስከፈል ድርጊት ስለሆነ ገንዘብ ጠያቂው ዝምታን መጠለያ ሊያደርገው አይገባም።

እገዳው ለተደጋጋሚ አመልካች ይሳሳል። ባለዕዳው ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላ የተዘጋ የመክሰር ማመልከቻ ከነበረው እገዳው ፍርድ ቤት ካላራዘመው በ30 ቀን ያበቃል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከነበሩት ደግሞ ከነጭራሹ በራሱ አይጀምርም። ስለዚህ አንድን ቅነሳ ለማስቆም ብቻ በጥድፊያ ማመልከትና ወዲያው መተው ኋላ የሚያስፈልገውን ጋሻ አስቀድሞ መስበር ነው።

ለ) ያለፈው፦ የተወሰደን ማስመለስ። አንቀጽ 547 ከማመልከቻው በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ለአንድ ገንዘብ ጠያቂ አድልቶ የተከፈለ ገንዘብ እንዲመለስ ይፈቅዳል። የመያዝ ትእዛዙ ቀደም ብሎ ቢሰጥም ድንጋጌው ሠራተኛው በንብረቱ ላይ መብት ከማግኘቱ በፊት ንብረቱ ተላለፈ አይባልም ስለሚል፣ በ90 ቀናቱ ውስጥ ተሠርቶ የተያዘ ደመወዝ በዚህ ሊሸፈን ይችላል። ባለአደራው ካልጠየቀ፣ ባለዕዳው ራሱ ገንዘቡን ከመያዝ ነጻ ከሆነው ንብረቱ መድቦ ሊያስመልስ የሚችልበት መንገድም በአንቀጽ 522 ተከፍቷል።

ነገር ግን ዕዳቸው በዋናነት የሸማች ዕዳ ለሆነ ሰዎች ሕጉ ዝቅተኛ ወለል አስቀምጧል፤ ድምሩ ከ600 ዶላር ያነሰ ገንዘብ አይመለስም። ወደ ሁለቱ ሠራተኞቻችን እንመለስ። በ90 ቀናት ውስጥ ከ13 የማይበልጡ ሳምንታዊ ክፍያዎች ይኖራሉ። ከመጀመሪያዋ እስከ 2,080 ዶላር ሊወሰድ ስለሚችል የማስመለስ ጥያቄ ልታነሣ ትችላለች። ከሁለተኛው ሊወሰድ የሚችለው ከ422.50 ዶላር አይበልጥም፤ ስለሆነም አንዱንም አያገኝም። የመጠን ገደቡ በዕዳው ላይ ያሳየው ጉድለት በማስመለሱም ላይ ደግሞ ተከትሎት መጣ።

ሐ) የወደፊቱ፦ የዕዳ ስረዛ። በምዕራፍ 7 ነገሩ በመደበኛ አካሄዱ ከሄደ፣ ካመለከቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ፍርድ ቤቱ ሊሰረዝ የሚችለውን ዕዳ ይሰርዛል። ስረዛው በግለሰቡ ላይ ያለውን የከፋይነት ግዴታ የሚያቆምና ገንዘብ ጠያቂውን ዳግም እንዳይጠይቅ የሚከለክል ዘላቂ ትእዛዝ ነው። እገዳው ለጊዜው የዘጋውን በር የሚቆልፈው ይህ ነው። ለሁለተኛው ሠራተኛ ከሦስቱ ትርጉም ያለው ይኸኛው ነው፤ በስሌቱ ጠፍቶ የነበረውን የመጨረሻ ቀን ያገኘው በዚህ ብቻ ነው።

5. ምዕራፍ 13፦ ቅነሳው ሳይቀር ባለቤቱ ሲለወጥ

እ.ኤ.አ. በ2005 የተደረገው ማሻሻያ ገቢያቸው ከክፍለ ግዛታቸው አማካይ በላይ የሆነ ባለዕዳዎች ወደ ምዕራፍ 7 ከመግባታቸው በፊት በገቢ መመዘኛ እንዲፈተኑ አድርጓል። ከዚህ መመዘኛ ያላለፈ፣ ወይም ቤቱንና ሌላ ንብረቱን ከሽያጭ ማዳን የሚፈልግ ባለዕዳ ቋሚ ገቢ ካለው በምዕራፍ 13 ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚዘልቅ የክፍያ ዕቅድ ያቀርባል።

በዚህ መንገድ ከማመልከቻው በኋላ የሚገኘው ደመወዝም ወደ ጋራ ክምችቱ ይገባል። ፍርድ ቤቱ ዕቅዱን ካጸደቀ በኋላ አሠሪው በቀጥታ ለባለአደራው እንዲያስተላልፍ ሊያዝም ይችላል። ከሠራተኛው ዓይን ሲታይ ደመወዙ ዳግመኛ ተያዘ። ይባስ ብሎ ከላይ የተመለከትነው የ25 በመቶ ጣሪያ ለምዕራፍ 13 ትእዛዞች አይሠራም። ታዲያ ለውጡ የቱ ላይ ነው? ገንዘቡ የሚሄደው ቀድሞ ለደረሰ አንድ ገንዘብ ጠያቂ ሳይሆን በሥርዓት ለሁሉም ነው፤ ቅነሳውም የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ ተጽፏል። የመጠን ገደቡ ተነሥቶ የጊዜ ገደብ ተተካ ማለት ነው። ሁለቱ ጥበቃዎች የተለያዩ ለመሆናቸው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከሕጉ ውስጥ አይገኝም።

6. መክሰር የማይደርስባቸው ዕዳዎች

የጊዜ ድንበሩ ለሁሉም ዕዳ አይሠመርም። የልጅ ቀለብና የትዳር ጓደኛ መተዳደሪያ አይሰረዙም፤ በፍርድ ትእዛዝ መሠረት ለእነርሱ ከገቢ የሚደረግ ቅነሳም ማመልከቻው ከገባ በኋላ ሊቀጥል ይችላል። ጣሪያውም ከ50 እስከ 65 በመቶ ይደርሳል። በማጭበርበር የተገኘ ዕዳና ብዙው የግብር ዕዳም ከስረዛው ውጪ ናቸው። የትምህርት ብድር ከመጠን ያለፈ ችግር መኖሩ በተለየ ክርክር ካልተረጋገጠ አይሰረዝም፤ በፌዴራሉ መንግሥት የትምህርት ብድር ላይ ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እስከ 15 በመቶ ደመወዝ ሊያዝ ይችላል። በእነዚህ ጉዳዮች አውቶማቲክ እገዳው ቢሠራ እንኳ የሚሰጠው ፋታ እንጂ ፍጻሜ አይደለም።

ስለዚህ ተመራማሪም ሆነ ምክር ሰጪ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው ደመወዙ ምን ያህል ተያዘ የሚለውን አይደለም፤ ለምን ዓይነት ዕዳ ተያዘ የሚለውን ነው።

7. ዋስ፣ ዘመድና የአገር ቤት ንብረት

ይህ ሕግ በአሜሪካ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የኑሮ ልማድ ጋር በሦስት ቦታ ይጋጠማል። አንደኛው ዋስነት ነው። ለወንድም ወይም ለአብሮ አደግ መኪና መግዣ መፈረም እንደ ወግ በሚታይበት ማኅበረሰብ፣ አንዱ ሲከስር ገንዘብ ጠያቂው ወደ ዋሱ ደመወዝ ይዞራል። ምዕራፍ 7 ዋሱን አይከላከልም፤ ምዕራፍ 13 ግን ለሸማች ዕዳ ዋሱንም የሚጠብቅ እገዳ አለው።

ሁለተኛው ለዘመድ ብድርን መመለስ ነው። ከመክሰር በፊት የወንድምን ወይም የአጎትን ገንዘብ መመለስ በእኛ ዘንድ የእምነት ምልክት ነው። ሕጉ ግን የቅርብ ዘመድን ከሌላው ገንዘብ ጠያቂ ለይቶ፣ የማስመለሻ ጊዜውን ከ90 ቀናት ወደ አንድ ዓመት አራዝሞበታል። ቅን ልቡና የፈጸመው ክፍያ ባለአደራው ከዘመድ እጅ የሚጠይቀው ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው በአገር ቤት ያለ ንብረት ነው። አንቀጽ 541 የትም ይገኝ የት የባለዕዳውን ንብረት ስለሚጠቀልል፣ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር በስሙ ያለ ቤት በማመልከቻው ላይ መመዝገብ አለበት። አውቆ መደበቅ ስረዛውን ሊያስከለክልና በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል።

8. የአገራችን ሕግ ከየትኛው ወገን ነው?

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 ላይ፣ ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ድምር ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህ ግልጽ የመጠን ገደብ ነው። ለስንት ወር ወይም ለስንት ዓመት የሚለውን ግን አንቀጹ አይመልስም።

መክሰር በበኩሉ የንግድ ሕግ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። የ1952ቱ የንግድ ሕግም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሥርዓቱን ያበጁት ለነጋዴዎችና ለንግድ ማኅበራት ነው። አንድ አስመጪ ነጋዴ በዕዳ ሲዋጥ ገንዘብ ጠያቂዎቹን በአንድ ፍርድ ቤት የሚያስተናግድበት ሥርዓት አለው። መምህሩ፣ ነርሷ ወይም የባንክ ጸሐፊው ግን በግል ብድርና በዋስትና ዕዳ ቢዋጡ የሚቆሙበት እንዲህ ያለ መድረክ የለም። በሌላ አነጋገር ደመወዝተኛው የመጠን ጥበቃ ተሰጥቶታል፤ የጊዜ ጥበቃ አልተሰጠውም።

ይህ ማለት የአሜሪካው ሥርዓት እንዳለ ይቀዳ ማለት አይደለም። በዚያ አገር መክሰር በብድር ታሪክ መዝገብ ላይ እስከ 10 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ምዕራፍ 7 ከመያዝ ነጻ ያልሆነ ንብረትን ያሸጣል፤ ሥርዓቱም የሠለጠነ ባለአደራና ልዩ ፍርድ ቤት ይጠይቃል። የግል ብድር ገበያው ገና በማደግ ላይ ባለበት አገር፣ ስረዛን ማቅለል አበዳሪው ለደመወዝተኛው በሩን እንዲዘጋ ሊያደርገው ይችላል የሚለውም ሥጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን የምዕራፍ 13 ልምድ አማካይ መንገድ መኖሩን ይጠቁማል። ዕዳውን ሳይሰርዙ፣ ወለዱን በመግታትና ሁሉንም ገንዘብ ጠያቂዎች በአንድ የጊዜ ሰሌዳ በማሰባሰብ ለቅነሳው የመጨረሻ ቀን መወሰን ይቻላል።

9. መደምደሚያ

የግለሰብ መክሰር ደመወዝ መያዝን ያስቆማል የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው በሦስት ቅድመ ሁኔታዎች ነው፦ ዕዳው ሊሰረዝ የሚችል ዓይነት ሲሆን፣ ባለዕዳው በቅርቡ ተደጋጋሚ ማመልከቻ ያላቀረበ ሲሆንና ዕዳውን ንብረቱንም ሳይደብቅ ሲያቀርብ ነው። እነዚህ ሲሟሉ እገዳው የዛሬውን ቅነሳ ያቆማል፤ የማስመለሻው ድንጋጌ ያለፈውን በከፊል ይመልሳል፤ ስረዛው የወደፊቱን ደመወዝ ለሠሪው ይተወዋል።

የቀረበው ስሌት እንዳሳየው፣ የመጠን ገደብ በጠበበ ቁጥር የዕዳው ዘመን ይረዝማል። ለድኻው ሠራተኛ በሳምንት 32.50 ዶላር ብቻ እንዲያዝበት ያደረገው ሕግ ያለ መክሰር ሕግ አጋዥነት ዕድሜ ልኩን ከፋይ ያደርገዋል። ስለዚህ በአገራችንም ወደፊት የሚደረግ ጥናት ከአንድ ሦስተኛው ጣሪያ በላይነት ወይም በታችነት ክርክር ወጥቶ፣ ሐቀኛ ባለዕዳ ደመወዙ ሙሉ በሙሉ የራሱ የሚሆንበት ቀን መቼ ነው የሚለውን ጥያቄ ማንሣት ይኖርበታል።